25 ግራም የምትመዝን ታካሚ፦ የላብራቶሪ እንስሳት ሐኪም እንዴት ይሠለጥናል?

አንዲት ነጭ አይጥ ኬጇ ጥግ ተኮራምታ ተቀምጣለች። ጸጉሯ ቆሟል። ዓይኗን ጨፈን አድርጋለች። አብረዋት ያሉት አራቱ ጉዝጓዙን እየቆፈሩ ይሯሯጣሉ። ከፊቷ የቆመችው ሐኪም መጀመሪያ አልነካቻትም፤ ዝም ብላ አየቻት። ቀጥላ ኬጁ ላይ የተሰካውን ካርድ አነበበች። ከዚያ አውጥታ ሚዛን ላይ አስቀመጠቻት። ባለፈው ሳምንት 25 ግራም ነበረች። ዛሬ 19 ናት። ሐኪሟ ስልኳን አነሳች።

የደወለችው ለአይጧ ባለቤት ነው እንዳልል፣ እዚህ ቤት ባለቤት የሚባል ነገር የለም። ያለው ተመራማሪ ነው። ሦስት ወር የለፋበት የመድኃኒት ሙከራ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። "ዶክተር፣ እባክሽ ይቺን ሳምንት ብቻ ታገሺኝ" ይላታል።

ምን ትበለው? እሺ ካለች አይጧ ሳምንት ሙሉ ትሰቃያለች። ዝም ብላ እምቢ ካለች ደግሞ የሦስት ወር ልፋት ገደል ሊገባ ይችላል፤ ለዚያ ልፋት ያለቁት አይጦችም በከንቱ አለቁ ማለት ነው። ይህን ስልክ በቅጡ ማውራት ለመቻል ከእንስሳት ሕክምና ዲግሪ በኋላ ሌላ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። ሥልጠናው የላብራቶሪ እንስሳት ሕክምና ሬዚደንሲ ይባላል።

"ሬዚደንት" ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ሌሊቱን ሆስፒታል የሚያድር የሰው ሐኪም ነው። የእንስሳት ሐኪሞችም ግን ስፔሻላይዝ ያደርጋሉ። የቀዶ ሕክምና፣ የዓይን፣ የልብ ስፔሻሊስቶች አሏቸው። ከሁሉም ሰው ብዙም ያልሰማው ይኸኛው ነው። አይገርምም። ውሻውን አቅፎ በሩን የሚያንኳኳ ደንበኛ የለውም። ሥራው የሚሠራው ያለ መታወቂያ ካርድ በማይከፈቱ በሮች ጀርባ ነው።

ሙያው ግን ዕድሜ አለው። (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካ ውስጥ ማዮ ክሊኒክ የተባለው የሕክምናና የምርምር ተቋም ሳይመን ብሪምሆል የተባለ የእንስሳት ሐኪም ለሙከራ እንስሳቱ የቀጠረው በ1915 ነው። በ1957 ደግሞ የዘርፉ ቦርድ ተቋቋመ፤ ዛሬ የአሜሪካ የላብራቶሪ እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ይባላል። ኮሌጅ ይባል እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም። መስፈርት አውጥቶ፣ ፈትኖ፣ "ይህ ሰው ስፔሻሊስት ነው" ብሎ የሚመሰክር የባለሙያዎች ማኅበር ነው። ማሠልጠኑን የሚሠሩት ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ናቸው፤ ሚሺጋን፣ ጆንስ ሆፕኪንስና ኤምአይቲ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። አውሮፓ የራሱን ኮሌጅ በ2000 መሥርቷል፤ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያም አላቸው። እኔ እዚህ የምተርከው የአሜሪካውን ነው።

ለመግባት በቅድሚያ የእንስሳት ሕክምና ዶክተር መሆን ያስፈልጋል። ከዚያ ሬዚደንሲው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው፤ ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ የሚያያይዙበትም ስላሉ ይረዝማል። ሬዚደንሲ ሳይገቡ ለዓመታት በሥራው ላይ ቆይተው ለፈተናው የሚቀርቡም አሉ፤ መንገዱ ረጅም ነው።

ሥልጠናው የሚጀምረው ከእጅ ነው። አይጥ እንዴት ይያዛል? ለዘመናት መልሱ ቀላል ነበር፤ በጅራቷ። በ2010 ግን የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጅራታቸው የሚነሱ አይጦች በጣም እንደሚጨነቁ አሳዩ። በፕላስቲክ ቱቦ ወይም በእፍኝ የሚነሱት ደግሞ ራሳቸው ወደ ሰውየው እጅ ይጠጋሉ። ነገሩ ከርኅራኄም ያልፋል። የተጨነቀች አይጥ የምትሰጠው ውጤት የጭንቀት ውጤት ነው። ሬዚደንቷ ይህን ለራሷ ማወቋ አይበቃም፤ ሃያ ዓመት በጅራት ሲያነሳ ለኖረ ቴክኒሻን ሳታስቀይም ማስረዳት አለባት። እንደኔ ከሥልጠናው ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው።

ቀጥሎ ሒሳብ ይመጣል። 25 ግራም የምትመዝን አይጥ ውስጥ ያለው ደም ሁሉ ተጠራቅሞ ሁለት ሚሊ ሊትር አይሞላም። ሳትጎዳ በአንድ ጊዜ ሊወሰድባት የሚችለው ከዚያ አንድ አሥረኛው ያህል ነው። አራት ጠብታ በሉት። ስለዚህ ተመራማሪው "በየቀኑ ትንሽ ደም እንቀዳለን" ብሎ ሲጽፍ፣ ሬዚደንቷ ካልኩሌተሯን አውጥታ "ይሄ ትንሽ አይደለም" ማለት መቻል አለባት።

የአይጧን ለመድች ሲባል ጥንቸሏ ትመጣለች። ጥንቸል ማስታወክ አትችልም፤ ስለዚህ ከማደንዘዣ በፊት እንደ ውሻ ሌሊቱን ጾሟን አታድርም። የኋላ እግሯ እጅግ ጠንካራ፣ አጥንቷ ግን ስስ ነው፤ አያያዝ የማያውቅ ሰው እጅ ላይ አንዴ ከተራገጠች የገዛ ወገቧን ልትሰብር ትችላለች። ጊኒ ፒግ ደግሞ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲን ራሷ መሥራት አትችልም፤ በምግቧ ውስጥ ካላገኘች ትታመማለች። እኛ እንደ ቀላል መድኃኒት የምናየው ፔኒሲሊን ጊኒ ፒግን ሊገድል ይችላል። አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ደህና ባክቴሪያዎች ጠርጎ ለመርዛማዎቹ ቦታ ይለቅላቸዋልና። አንዳንድ አሳማዎች በዘር የሚወረስ ችግር ስላለባቸው በጋዝ ማደንዘዣ ላይ እያሉ ሙቀታቸው በድንገት ይንራል፤ ጡንቻቸው ይገተራል። ዚብራፊሽ የምትባለው ትንሽ ዓሣ የምትደነዝዘው መድኃኒቱ የምትዋኝበት ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ነው። ውሻና ድመት ሲያክም የኖረ ጎበዝ ሐኪም እዚህ ሲገባ እንደገና ጀማሪ ነው።

ከእንስሳቱ ሁሉ ሬዚደንቶች በጥንቃቄ የሚቀርቡት ማካክ የሚባለውን የዝንጀሮ ዘር ነው። ማካኮች ሄርፒስ ቢ የተባለ ቫይረስ ይሸከማሉ። ለእነሱ ብዙም ነገር አይደለም፤ ከንፈር ላይ ቁስል ቢያወጣባቸው ነው። ሰው ላይ ሲገባ ግን አንጎል ያጠቃል፤ ቶሎ ካልታከሙት አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ቫይረሱ የታወቀው በ1932 በጦጣ ተነክሶ የሞተ ወጣት ሐኪም ላይ ነው። በ1997 ደግሞ አንዲት ወጣት የምርምር ሠራተኛ ከእንስሳው የተረጨ ፈሳሽ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ሕይወቷ አለፈ። ንክሻ የለም፣ ጭረት የለም፣ ጠብታ ብቻ። ዛሬ ማካክ ያለበት ቤት ሲገቡ የፊት መከላከያ የሚደረገውና የዓይን መታጠቢያው ቅርብ የሚሆነው ለዚህ ነው። አንድ ነገር ከነካ ጥያቄ ሳይበዛ ቢያንስ 15 ደቂቃ መታጠብ ነው፤ ሪፖርቱ ከዚያ በኋላ ይጻፋል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አንድ አንድ እንስሳ ነው። የዚህ ሐኪም እውነተኛ ታካሚ ግን መንጋው ነው። አንድ ትልቅ ተቋም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አይጦች ሊኖሩት ይችላል። ሁሉንም አፋቸውን ከፍቶ ማየት አይቻልም። ስለዚህ "ዘበኛ" አይጦች ይቀመጣሉ። ከሌሎቹ ኬጆች የተጠረገ የቆሸሸ ጉዝጓዝ እነሱ ጋ ይገባል፤ ከወራት በኋላ ደማቸው ይመረመራል። በሽታ ካለ ብዙ ጊዜ እነሱ ላይ ይታያል። አሁን አሁን ከኬጆቹ የሚወጣውን አየር አቧራ የጀርሞችን ዘረመል በሚፈልገው በፒሲአር ምርመራ መመርመርም እየተለመደ ነው፤ ዘበኞቹን ጡረታ እያወጣቸው ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ያልታመመች አይጥ ላይ ያለ ቫይረስ ማንን ይጎዳል? ውጤቱን ይጎዳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የሆነው ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንድ ረጅም ጥናት ላይ ምንም መድኃኒት ያልተሰጣቸው፣ ለማነጻጸሪያ ብቻ የተቀመጡ አይጦች ጉበታቸው እየታመመ ዕጢ አወጣ። መርምረው መርምረው ያገኙት እስከዚያ ድረስ ያልታወቀ ባክቴሪያ ነበር፤ ሄሊኮባክተር ሄፓቲከስ ተባለ። አስቡት። "ይህ ኬሚካል ካንሰር ያመጣል ወይ?" ብለህ እየጠየቅህ ነው፤ ኬሚካሉን ያልቀመሱትም ካንሰር ይዟቸዋል።

ሌላው ታሪክ የዕቃ አጠባ ታሪክ ነው። በ1998 ፓትሪሺያ ሀንት የምትባል የሥነ ተዋልዶ ተመራማሪ ላብራቶሪ ውስጥ የጤነኛ አይጦች እንቁላል ሕዋሳት በድንገት መበላሸት ጀመሩ። ድሮ ከመቶ አንድ ሁለት የነበረው ችግር 40 በመቶ ደረሰ። ምክንያቱ ሲጣራ አንድ ጊዜያዊ ሠራተኛ ኬጆቹንና የውሃ ጠርሙሶቹን ለእነሱ በማይሆን ኃይለኛ ሳሙና አጥቧቸው ኖሯል። ፕላስቲኩ ተፋቀ፤ ቢስፌኖል ኤ የሚባለው ኬሚካል ወጣ፤ አይጦቹም ጠጡት። የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ "ቢፒኤ የለውም" የሚለውን ጽሑፍ አይታችሁ ይሆናል። ስለ ቢፒኤ የተነሳውን ክርክር ካጋጋሉት ግኝቶች አንዱ ከዚያ የዕቃ ማጠቢያ ክፍል የወጣው ነው። ሬዚደንቶች የማጠቢያ ማሽኑ ሙቀት ጀርም ለመግደል 82 ዲግሪ ይድረስ አይድረስም ይከታተላሉ። ሐኪም ነኝ ብሎ የመጣ ሰው ስለ ሳሙና፣ ስለ አየር ማመላለሻ፣ ስለ መብራት ሰዓት ሲማር ይውላል። ሌሊት ተረኛ ሆኖ የሚጠራበት ምክንያትም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና አይደለም። የውሃ ጠርሙስ አፍስሶ ኬጁ በመራሱ አይጦቹ በብርድ እየሞቱ ነው፤ ወይ የክፍሉ አየር ቆሟል።

ወደ ሕመም እንምጣ። አይጥ የሌላው ቀለብ ሆና የኖረች ፍጥረት ናት፤ ሕመሟን ማሳየት አያዋጣትም። ሰው ፊት ስትሆን ደህና ትመስላለች። በ2010 የካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ቡድን የአይጥን ፊት ማንበቢያ ዘዴ አወጣ፤ አምስት ነገር ይታያል። ዓይኗ ጠበበ? አፍንጫዋ ተነፋ? ጉንጯስ? ጆሮዋ ወደ ኋላ ሄደ? ጺሟ አቀማመጡን ለወጠ? ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሁለት ነጥብ ይሰጣል። ከአራት ዓመት በኋላ ያው ቡድን አንድ የሚያስቅ ግን የሚያሳስብ ነገር ጨመረ። ክፍሉ ውስጥ ወንድ ሰው ካለ አይጦቹ ሕመማቸውን ያነሰ ያሳያሉ። ሰውየው ባይኖር እንኳ የለበሰው ቲሸርት ይበቃል። ከሽታው የሚመጣው ጭንቀት ሕመሙን ያደበዝዘዋል። ወንዱ ሬዚደንት "ደህና ናት" ብሎ ሲጽፍ፣ ደህና የመሰለችው በእሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ተመራማሪዎች ማስታገሻ አይወዱም። "መድኃኒቱ ውጤቴን ያበላሽብኛል" ይላሉ። ስጋቱ ተራ ሰበብ አይደለም፤ የጸረ ብግነት መድኃኒቶች በእርግጥም የእብጠት ጥናትን ያዛባሉ። የሬዚደንቷ መልስ ግን አለ። ያልታከመ ሕመምም እኮ ውጤት ያበላሻል። የጭንቀት ሆርሞን ይጨምራል፣ በሽታ መከላከያዋ ይወርዳል፣ አትበላም። ስለዚህ ጥያቄው "ማስታገሻ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ?" መሆኑ ቀርቶ "የትኛው ይሰጥ?" ይሆናል። የጸረ ብግነቱ ካልሆነ ከሞርፊን ወገን የሆነው ቡፕረኖርፊን አለ፤ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ማደንዘዣ አለ። ይህን ለመናገር የተመራማሪውን ጥናት ራሱ ተመራማሪው በሚያውቀው ልክ ማወቅ ይጠይቃል። ሬዚደንቶች የራሳቸውን ምርምር ሠርተው፣ በመጀመሪያ ጸሐፊነት በሳይንስ ጆርናል እንዲያወጡ የሚገደዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ሙከራ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ሙከራ አቁሙ ሲል ማን ይሰማዋል?

ሕጉም አለ። አመጣጡ ደግሞ አሳዛኝ ነው። በ1965 ፔፐር የምትባል ዳልሜሽያን ውሻ ፔንስልቬንያ ካለ እርሻ ጠፋች። ቤተሰቡ ሲፈልጋት ከረመ፤ ለካ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ አልፋ፣ ኒው ዮርክ ያለ ሆስፒታል ገብታ፣ በሙከራ ላይ ሞታለች። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይፍ መጽሔት የውሻ ነጋዴዎችን ግቢ ፎቶ አወጣ፤ አገር ተቆጣ። በዚያው በ1966 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የእንስሳት ደኅንነት ሕጉን ፈረሙ። ነገር ግን ሕጉ "እንስሳ" ለሚለው ቃል በሚሰጠው ትርጉም ውስጥ ለምርምር ተብለው የተረቡ አይጦች የሉም። በላብራቶሪ ውስጥ ከሁሉም የሚበዙት እነሱ፣ በዚህ ሕግ ዓይን እንስሳ አይደሉም! ደግነቱ ክፍተቱን ሌላ ነገር ይሸፍነዋል። ከመንግሥት የጤና ምርምር ገንዘብ የሚወስድ ተቋም የጀርባ አጥንት ላለው እንስሳ ሁሉ፣ ለዓሣም ጭምር፣ የተቀመጠውን ፖሊሲ ማክበር ግዴታው ነው። ከ1963 ጀምሮ የሚታተም፣ በ2011 ስምንተኛ እትሙ የወጣ የእንስሳት አያያዝ መመሪያም አለ። ሬዚደንቶች በቃላቸው ሊይዙት ምንም አይቀራቸውም።

በዚህ ሥርዓት ማንም ሰው ተነስቶ እንስሳ ላይ ሙከራ አይጀምርም። ፕሮቶኮል የሚባል ዝርዝር የሙከራ ዕቅድ ጽፎ ለኮሚቴ ያቀርባል። በፖሊሲው መሠረት ኮሚቴው ቢያንስ አምስት አባላት አሉት። አንዱ የእንስሳት ሐኪም፣ አንዱ ተመራማሪ፣ አንዱ ሳይንስ ሥራው ያልሆነ፣ አንዱ ከተቋሙ ጋር ግንኙነት የሌለው ሰው መሆን አለበት። የኮሚቴው ጥያቄዎች ሥር ሁለት እንግሊዛውያን፣ ራስልና በርች፣ በ1959 ያስቀመጧቸው ሦስት ሐሳቦች ናቸው፤ በእንስሳ ፈንታ ሌላ ነገር መጠቀም አይቻልም ወይ? ቁጥሩ አይቀነስም ወይ? ስቃዩ አይቃለልም ወይ? ሬዚደንቷ ስብሰባው ላይ መጀመሪያ ዝም ብላ ትሰማለች፤ እየቆየች ፕሮቶኮል ትገመግማለች። ከሁሉ በላይ የምታየው አንድ መስመር አለ፤ "እንስሳዋ ምን ስትሆን ሙከራው ይቆማል?" የሚለውን። ብዙዎቹ 20 በመቶ ክብደት መቀነስን ያስቀምጣሉ። ይህ መስመር አስቀድሞ፣ ማንም ሳይጨነቅ፣ በረጋ መንፈስ መጻፉ ትልቅ ነገር ነው። ስልኩ የተደወለ ቀን የሚያስፈልገው እሱ ነው።

የቦርዱ ፈተና ሁሉንም ይጠይቃል፤ በሽታ፣ ማደንዘዣ፣ ሕግ፣ ዘረመል፣ ስታቲስቲክስ፣ የሕንፃ አየር። ሬዚደንቶች ወራት ይሸመድዳሉ። ያለፈ በዩኒቨርሲቲ፣ በመድኃኒት ኩባንያ፣ በመንግሥት ተቋም ወይም በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ይሠራል። ፈተናው የማይጠይቀው ነገርም አለ። ያከምከውን እንስሳ፣ ያዳንከውን እንስሳ፣ በመጨረሻ ራስህ የምትገድልበት ሙያ ነው። ስም አውጥተው ለሚጠሩት ጦጣ የሚያለቅሱ ቴክኒሻኖች አሉ። ድሮ ይህ እንደ ድክመት ይታይ ነበር፤ አሁን ብዙ ቦታ በግልጽ ይወራል፣ ድጋፍም ይሰጣል። ቢዘገይም ትክክል ነው።

ስልኩ አልተዘጋም። ተመራማሪው መልስ እየጠበቀ ነው።

ሬዚደንቷ ከ25 ወደ 19 ወርዳለች አለችው፤ 24 በመቶ ነው። "ፕሮቶኮልህ ላይ ራስህ 20 ብለሃል።" ዝም አለ። ቀጥላ ከመደወሏ በፊት ያየችውን ነገረችው። አይጧን ከሚዛኑ ላይ ስታነሳ አፏን ከፍታ አይታለች። የታችኛው የፊት ጥርሷ ረዝሞ ወደ ላይ ተጠማዟል። የአይጥ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ ከላይኛው ጋር ካልገጠመና ካልተፋፋቀ እንዲህ ይሆናል። ለሳምንት ያህል በደንብ መብላት አልቻለችም።

"መድኃኒትህ አይደለም" አለችው። "ተርባ ነው። ሳምንት ብናቆያት መዝገብህ ላይ የመድኃኒቱ ጉዳት ተብላ ትገባ ነበር። ሌሊት ብትሞት ደግሞ እስኪነጋ ቲሹዋ ይበላሻል፤ ናሙና የለህም። አሁን ና፣ ዛሬ አብረን ስቃይዋን እንጨርስላት፤ የምትፈልገውን ናሙና ትወስዳለህ።"

ተመራማሪው በ20 ደቂቃ ውስጥ እንደሚደርስ ነገራት። ሬዚደንቷ ስልኩን ኪሷ ከታ ካርዱን እንደገና አየችው። አምስቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የጥርስ አለመግጠም በዘር ሊመጣ ይችላል። ጓንቷን ቀየረችና የቀሩትን አራቱን በቱቦ እያነሳች፣ አንድ በአንድ፣ አፋቸውን ማየት ጀመረች።